ወገቤን ተወግቼ፣ ነቅቼ ሳለሁ ጌታ አገኘኝ

ወገኖቼ፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ዛሬ ጌታ ያደረገልኝን ሳልናገር ወደ ቤቴ መመለስ አልቻልኩም፤ ለዚህ ነው እጄን ያወጣሁት። ዘለቀ እባላለሁ፣ ሸማኔ ነኝ፤ አብዛኞቻችሁ የአልማዝ ባል ብላችሁ ነው የምታውቁኝ። አማርኛዬ ይሰባበራል። በጋሞኛ ቢሆን ይቀናኝ ነበር፣ ግን ከሌላ አገር የመጣችሁም ስላላችሁ እንደምንም እሞክራለሁ። ስሳሳት ሳቁብኝ፤ ሲገባችሁ ደግሞ አሜን በሉ።

እዚያ ከኋላ፣ በመስኮቱ በኩል፣ ጋቢ ደርበው የተቀመጡት ሽማግሌ ታላቅ ወንድሜ ናቸው፤ ጋሼ ሻንካ። ዞራችሁ አትዩአቸው፣ ይቆጣሉ። ትናንት ከዶርዜ ወርደው እኔ ቤት አደሩ። በዚህ ሳምንት ሐኪም ቤት ቀጠሮ አላቸው፤ ነገሩ የሽንት ነው፣ በሽምግልና የሚመጣው። ሐኪሙ «በወገብ መርፌ ከታች አደንዝዘን እንሠራዎታለን፤ ከዚህ በላይ ከቆየ ኩላሊትዎን ይጎዳል» ብሏቸዋል። እርሳቸው ግን አልሄድም ብለዋል። እኔ ደግሞ ታናሽ ነኝ። በእኛ ዘንድ የበኩሩ ቃል የቤቱ ቃል ነው፤ ታናሽ ታላቁን ይህን አድርግ ብሎ አያዝም። ስለዚህ ለእርሳቸው ምንም አልናገርም። የምመሰክረው ለእናንተ ነው። እርሳቸውም ከሰሙ ይስሙ።

ከጌታ በፊት ምን ነበርኩ? ሰው አልገደልኩም፣ አልሰረቅኩም። ግትር ነበርኩ፣ በቃ። ከልጅነቴ ጀምሮ እግሬን ጉድጓድ ውስጥ ሰድጄ ሸማ ስሠራ የኖርኩ ሰው ነኝ። ሸማኔ በእጁ ብቻ የሚበላ ይመስላችኋል፤ አይደለም፣ በእግሩ ጭምር ነው። እግር መርገጫውን ካልረገጠ ድሩ አይከፈትም፤ ድሩ ካልተከፈተ መወርወሪያው አያልፍም። ስለዚህ ስለ እግዚአብሔር ሲነግሩኝ «እሺ፣ ይኑር፤ እኔን የሚያኖረኝ ግን እግሬ ነው» እል ነበር። አልማዝ ጌታን የተቀበለችው ልጆቻችን ትንንሾች ሳሉ ነው። የጸሎት ቡድኗ እኛ ቤት ሲሰበሰብ እኔ አጠገቡ ባለው ዳስ ውስጥ ሆን ብዬ መወርወሪያዬን አስጮኸዋለሁ። እነርሱ ድምፃቸውን ከፍ ያደርጋሉ፤ እኔም አፈጥናለሁ። ሰዎቹ ሲሄዱ አልማዝ መጥታ «ጸሎታችን ረዘመና ሸማህ አለቀልህ አይደል? ጌታ ሥራህን ባረከልህ» ትለኛለች። እንዲህ ያለ ትዕግሥት ከሰው አይደለም። ጌታ ይባረክ!

እህቶች ይቅርታ አድርጉልኝ እንጂ ቡአ ነበረብኝ። ብሽሽቴ ላይ ያብጣል፤ ስተኛ ይገባል፣ ስነሳ ይወጣል። አልማዝ «ሐኪም ቤት እንሂድ» ትለኛለች። እኔ ሸማኔ አይደለሁ? ወፍራም ፈትል ደርቤ፣ ጥቅጥቅ አድርጌ፣ ለራሴ መታጠቂያ ሠራሁ። እብጠቱን እንዲጫነው መሃሉ ላይ ጨርቅ ጠቅልዬ ሰፋሁበት። በሥራዬ ኮርቼ ለጎረቤት ሁሉ አሳይ ነበር። እብጠቱ ሲብስ እኔም አጠብቃለሁ። ሐኪሙ ኋላ እንደነገረኝ ያ መታጠቂያ ሕመሙን ከእኔው ደበቀብኝ እንጂ አንድ ቀን እንኳ አላዳነኝም።

መስቀል ደረሰና ወደ ዶርዜ ወጣን። በጋሼ ሻንካ ቤት ሥጋው አለ፣ ቆጮው አለ፣ አረቄው አለ። በላሁ፣ ጠጣሁ። ከወንዶቹ ጋር ልጨፍር ተነሳሁና ዝላዩ ላይ አንድ ነገር ብሽሽቴን ቆንጥጦ ያዘኝ። ተቀመጥኩ፤ አልገባም። ተኛሁ፤ አልገባም። ትንሽ ቆይቶ ያስመልሰኝ ጀመር፣ ሆዴም ተነፋ። አልማዝ መታጠቂያዬን ልትፈታ ብትሞክር ቋጠሮው እምቢ አለ፤ በቢላዋ ቆረጠችው። እብጠቱ እንደ ድንጋይ ጠጥሯል፤ ሲነኩት እጮኻለሁ። ሰው ተሯሩጦ ፒካፕ ለመነልን። ወደ አርባ ምንጭ ስንወርድ መንገዱ በተጠመዘዘ ቁጥር ነፍሴ የምትወጣ ይመስለኛል። ጋሼ ሻንካ ራሴን ጭናቸው ላይ አድርገው ይዘውኛል፤ አልማዝ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል። እኔ ግን አልጸለይኩም ወገኖቼ። መጸለይ አላውቅም ነበር።

ሐኪም ቤት ስንደርስ ወጣቱ ቀዶ ሐኪም ነካ አድርጎኝ ወዲያው ቀና አለ። «አንጀት ታንቋል» አለ። «አሁኑኑ ካልተፈታ ይሞታል። አንጀቱ ከሞተ እርሳቸውንም ማትረፍ ይከብደናል።» ቀጥሎ ማደንዘዣ የምትሰጠዋ መጣች፤ አጠር ያለች፣ ፈጣን ሴት ናት። ደረቴን አዳመጠች። ዕድሜውን ሁሉ የጥጥ ብናኝ ሲስብ የኖረ ደረት ምን እንደሚመስል ሸማኔዎች ታውቃላችሁ፤ ያፏጫል።

«አባባ፣ ሙሉ በሙሉ ላስተኛዎት አልፈልግም» አለችኝ። «ሳንባዎ ደክሟል፣ ሆድዎም ሙሉ ነው። ተኝተው ካስመለሱ ወደ ሳንባ ይገባል። ከወገብዎ በታች ብቻ አደነዝዝና ነቅተው እንሠራዎታለን።»

«በምን?» አልኳት።

«በቀጭን መርፌ፣ ከወገብዎ ላይ።»

ይሄኔ ጋሼ ሻንካ ግድግዳውን ከተደገፉበት ተነሱ። «የጀርባ መርፌ አይሆንም! እኛ መንደር አንድ ሰው ጀርባውን ተወግቶ ዳግመኛ አልተራመደም። ወንድሜ ሸማኔ ነው። እግሩን ከወሰዳችሁበት ምኑ ይቀራል? ካስተኛችሁ ሙሉውን አስተኙት፤ ካልሆነ ቤቴ ወስጄው ቤቴ ይሙት!»

እውነቱን ልንገራችሁ፤ እኔም በልቤ ከእርሳቸው ጋር ነበርኩ። ሞቱስ የማንም ነው፤ ቁጭ ብሎ የሌላ ሰው ሸማ ሲያይ የሚውል ሸማኔ መሆን ግን አስፈራኝ። በጣም አስፈራኝ።

ማደንዘዣ ሰጪዋ አልተቆጣችም። «ሰውዬው ከመወጋቱ በፊት ይራመድ ነበር?» አለቻቸው።

«በቃሬዛ ነው የወረደው።»

«እንግዲያው መርፌው ሳይነካውም ጀርባው ታሞ ነበር። እግር የሚያዘው ዋናው የጀርባ ገመድ ከላይ ያልቃል፤ እኔ የምወጋው ከእርሱ በታች ነው። መድኃኒቱ ሥራውን ጨርሶ ይለቃል። ምንም አደጋ የለውም አልልዎትም፤ የደም ግፊት ሊወርድ ይችላል፣ ራስ ሊያም ይችላል። ሌላውም አደጋ፣ ብርቅ ቢሆንም፣ አለ። እኔ ግን ከራስጌያቸው አልለይም።»

«አንቺ እዚያ አልነበርሽም» አሉ ጋሼ ሻንካ፤ ቀና ብለውም አላዩአት። ቀዶ ሐኪሙ ብቅ አለና «ወስኑ እንጂ!» አለ። አልማዝ ወደ ጋሼ ታያለች። እኔም ወደ ጋሼ አያለሁ። አፌ ደርቋል፣ ሆዴ ይቆረጣል፤ ግን ከታላቄ ቃል በላይ ቃል ላወጣ አልቻልኩም። እዚያው ኮሪደር ላይ፣ በሥርዓታችን መሃል፣ አንጀቴ እየሞተ ነበር።

ወገኖቼ፣ ጌታ በሰው በኩል እንዴት እንደሚሠራ ስሙ! ያቺ ሴት ማስኳን ወደ አገጯ አወረደችና በጋሞኛ ሰላም አለቻቸው። ለካ የእኛው ደጋ ልጅ ናት። ጎንበስ አለች፣ ሁለት እጆቿን ዘረጋች። «አባቴ፣ ፈቃድ አልጠይቅዎትም» አለች። «ወንድምዎን ይዤ ልገባ ነው። እጄን ይመርቁልኝ።»

ጋሼ ሻንካ ደነገጡ። በእኛ ዘንድ ሽማግሌ ምርቃት ሲለመን እምቢ ማለት ነውር ነው፤ ይህንን እርሷም ታውቃለች፣ እርሳቸውም ያውቃሉ። «ይቺ የማን ልጅ ናት?» አሉ ተቆጥተው። የአባቷን ስም ነገረቻቸው። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ። «እጅሽ ይቅና» አሉ። «የገባው ይውጣ። እግሩ ይርገጥ።» ኮሪደሩ ላይ የነበረው የማናውቀው ሰው ሁሉ አሜን አለ። ወደ እኔ ዞራ «እርስዎስ?» አለችኝ። «ጋሼ መርቀዋል፤ እኔም ተስማምቻለሁ» አልኳት። አልጋው መገፋት ጀመረ።

ውስጡ ቀዝቃዛ ነው። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡኝ፤ እግሬ ተንጠለጠለ። ጀርባዬን ብርድ ብርድ በሚል ነገር ጠረጉት። «አባባ፣ ጀርባዎን ያጉብጡ» ትለኛለች፤ እኔ ከሕመሙና ከፍርሃቱ የተነሳ እንደ ምሰሶ ቀጥ እላለሁ። ወጋችኝ። «አጥንት» አለች ለራሷ። አወጣችና እንደገና ሞከረች። አሁንም አጥንት። «በእርጅና መሃሉ ጠቧል» አለች። ቀዶ ሐኪሙ «ጊዜ የለንም፣ ካልሆነ እናስተኛቸው» ሲል ሰማሁ። ላቤ ይወርዳል። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ በጋሞኛ «አባባ፣ ድሩ ተበጠሰብዎት። ከወደ እግርዎ ነው የተበጠሰው፤ ጎንበስ ይበሉና ይቀጥሉት» አለችኝ።

እኔ የተበጠሰ ክር ትቼ አላውቅም። ጎንበስ አልኩ፤ ትከሻዬ ወደቀ፣ አገጬ ደረቴን ነካ፣ ወገቤ ራሱን ከፈተ። «እንደሱ! አይነቃነቁ!» አለች። ትንሽ ቆይቶ መቀመጫዬ ላይ ሙቀት መጣ። ሙቀቱ ወደ ጭኔ፣ ወደ ጉልበቴ ወረደ። ያ የሚያስጮኸኝ ሕመም ጠፋ። ጌታ ይመስገን!

ግን ስሙኝ። በጀርባዬ አጋደሙኝና ፊት ለፊቴ መጋረጃ ሰቀሉ። እግሬን ልርገጥ አልኩ፤ እግሬ አልሰማኝም። ጣቴን ላንቀሳቅስ አልኩ፤ ጣት የሚባል ነገር የለም። «በቃ፣ ወሰዱት» አልኩ። በዚያው ቅጽበት ጆሮዬ ጮኸ፣ ዓይኔ ጨለመብኝ፣ ምላሴ ከበደኝ። «ግፊት እየወረደ ነው» አለች፤ ድምፅዋ ከሩቅ ይመጣል። እጄ ላይ በተሰካው ቱቦ መድኃኒት ስትሰጠኝ ታየኝ። «አባባ፣ ያዋሩኝ! የሚስትዎ ስም ማነው?» «አልማዝ» አልኩ። «ይድገሙልኝ!» «አልማዝ።» ብርሃኑ ቀስ ብሎ ተመለሰ።

ከመጋረጃው ወዲያ ይሠራሉ። ሕመም የለም፣ መጎተቱ ብቻ ይሰማኛል። ድንገት ቀዶ ሐኪሙ «አንጀቱ ጠቁሯል» አለ። «ሞቅ ያለ ጨርቅ አምጡ። ሸፍነን እንጠብቀው። ቀለሙ ካልተመለሰ ቆርጠን መቀጠል ነው፣ ሆዱን ሰፋ አድርገን መክፈት ይኖርብናል።»

ማደንዘዣ ሰጪዋ ወደ እርሱ ጠጋ ብላ በሹክሹክታ «ያኔ ይሄ አይበቃንም፣ ማስተኛቴ ነው» አለችው። «ይሄ ደረት ደግሞ ከተኛ በኋላ መንቃቱን እንጃ።»

በሹክሹክታ ነው የተናገረችው። ጆሮዬ ግን አልደነዘዘም ነበር።

አያችሁ ወገኖቼ፣ ሌላ ሰው ተኝቶ የሚያልፈውን ሰዓት እኔ ነቅቼ ነው የጠበቅኩት። ጨርቁን አነሱ። «ገና ነው።» መልሰው ሸፈኑት። እንደገና አነሱ። «ገና ነው።» የልብ ምቴን የሚቆጥረው መሣሪያ ብቻ ይጮኻል፣ እየፈጠነ። እኔ የምመካበት እግር የለኝም። ሆዴ በሰው እጅ ነው። ጋሼ ውጭ ናቸው፣ አልማዝ ውጭ ናት። ያን ጊዜ ነው አፌ የተከፈተው።

«የአልማዝ ጌታ ሆይ» አልኩ። «ስምህን ስትጠራ መወርወሪያ ሳስጮህ የነበርኩት እኔ ነኝ። ሌላ መተዋወቂያ የለኝም። የራሴ የምለው አፌ ብቻ ነው የቀረኝ፤ በእርሱ እጠራሃለሁ። ብታወጣኝ የአንተ ነኝ። ባታወጣኝም ብቻዬን አታድርገኝ። ኢየሱስ! ኢየሱስ!»

«ማነው?» አለ ቀዶ ሐኪሙ።

«አባባ ናቸው፣ እየጸለዩ ነው» አለችው።

«ይጸልዩ። እኛም እየጠበቅን ነው» አለ።

ምን ሆንክ ብትሉኝ ብርሃን አላየሁም፣ ድምፅ አልሰማሁም፤ አልዋሽም። ፍርሃቴም አልጠፋም። ግን ብቻዬን አልነበርኩም። ይህንን እንዴት አድርጌ በአማርኛ እንደምነግራችሁ አላውቅም፤ በጋሞኛም አላውቅበትም። አንድ የማውቀው አካል አጠገቤ የቆመ ያህል ነበር፤ ሳልጠራውም በፊት እዚያ የነበረ። እንባዬ ወደ ጆሮዬ ወረደ፤ ሴትየዋ በጨርቅ ጠረገችልኝ።

ጨርቁን እንደገና አነሱ። ከዚያ ሐኪሙ ቀስ ብሎ «ጠርዙ ቀልቷል» አለ። ትንሽ ቆየና «ተመልከቱ፣ እየተንቀሳቀሰ ነው! አይቆረጥም። እንመልሰውና እንስፋ» አለ። ሃሌሉያ! ክብር ለስሙ ይሁን! እልል በሉልኝ እንጂ፣ እኔ ያን ቀን እልል ልበል ብል አቅም አጣሁ!

ሐኪሙን ኋላ ስጠይቀው «አባቴ፣ ደም ሲመለስ ቀለም ይመለሳል፤ ይህን ከዚህ በፊትም አይተናል» አለኝ። እውነቱን ነው፣ አልተከራከርኩትም። እጁን ጌታ ይባርከው። እርሱ ያየውን ነገረኝ፤ እኔ ደግሞ ከመጋረጃው በዚህ በኩል ያገኘሁትን እነግራችኋለሁ።

ግን ገና አላለቀም። ወደ ክፍል ሲያወጡኝ እግሬ አሁንም የለም። ጋሼ ሻንካ ከአልጋው ግርጌ ተቀምጠው ብርድ ልብሱን ገልጠው ጣቶቼን ያያሉ። አይናገሩም፣ አይበሉም፣ ውሃ እንኳ አልጠጡም። አንድ ጊዜ ብቻ «በአፌ መርቄ አስገባሁት» ሲሉ ሰማኋቸው፣ ለራሳቸው። ያኔ ነው የገባኝ፤ ፍርሃቱ የእኔ ብቻ አልነበረም። ሰዓቱ አልሄድ አለ። ነርሷ መጥታ እግሬን ትነካለች፤ «ይሰማዎታል?» «አይሰማኝም።» ትሄዳለች። እንደገና ትመጣለች። «አሁንስ?» «አይሰማኝም።»

ኋላ ላይ ተረከዜን ጉንዳን እንደወረረው ወረረኝ። ትንፋሼን ያዝኩና አውራ ጣቴን አዘዝኩት።

ጋሼ ሻንካ ከወንበሩ ተነሱ። «አንተ ነህ ያነቃነቅከው ወይስ ዓይኔ ነው?»

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ።»

«ድገመው።»

ደገምኩት። ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡና ወደ ኮሪደሩ ወጡ፤ ሲያለቅሱ ድምፃቸው ክፍል ድረስ ይሰማ ነበር። አልማዝ እልልታውን ስታቀልጠው ነርሷ ሮጣ መጥታ «በሽተኛ አለ እኮ!» ብላ ተቆጣቻት። ጌታ ይባረክ! ሐኪም ቤቱ ውስጥ እኔን ያስወቀሰ ሌላ ነገር የለም።

ሁሉም ነገር ቀላል ነበር ብዬ አላታልላችሁም። ራሴን ክፉኛ አሞኝ ነበር፤ ጋደም ብዬ ሰነበትኩ፣ ለቀቀኝ። ስፌቱም ለብዙ ጊዜ ያዝ ያደርገኝ ነበር። ግን በእግሬ ነው ከዚያ የወጣሁት። የጸሎት ቡድኑ እኛ ቤት ሲሰበሰብ ወደ ዳሴ አልገባሁም፤ መሃላቸው ተቀመጥኩና «ያን ቀን የጠራሁትን ጌታ በደንብ አስተዋውቁኝ» አልኳቸው። ጌታን ተቀበልኩ። ይኸው ዛሬ ከእናንተ ጋር ነኝ። ምስጋናዬ ብዙ ነው፣ ቃሌ ግን አጭር ነው።

ወገኖቼ፣ ከእናንተ መካከል ሐኪም የቀጠረው፣ ግን ፈርቶ የተቀመጠ ሽማግሌ ወይም ፈርታ የተቀመጠች አሮጊት ካለ፣ በጌታ ታመኑ፤ ሐኪም ዘንድም ሂዱ። ጌታን ማመን ከቤት መቅረት አይደለም።

እንግዲህ ለእናንተ ብቻ እናገራለሁ ብዬ ነበር፤ አልቻልኩም። ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ታላቅን ማዘዝ አይገባኝም፤ መለመን ግን የከለከለኝ የለም። ይኸው በዚህ ሁሉ ሕዝብ ፊት እለምንዎታለሁ። እኔ ድኛለሁና እርስዎም በእርግጥ ይድናሉ ብዬ አልምልም፤ ይህን የሚያውቀው ጌታ ብቻ ነው። እስከ በሩ ድረስ እጅዎን ይዤ እሄዳለሁ። ከበሩ ወዲያ እኔን አያስገቡኝም፤ ጌታ ግን እዚያ ውስጥ እንዳለ አይቻለሁ፣ ነቅቼ ነበር። ፍርሃቱ እስኪለቅዎት አይጠብቁ፤ እኔን እስከ መጨረሻው አልለቀቀኝም። ፈርተው ይምጡ፣ ጋሼ።